ማስረጃ

ማዘጋጃው ሲዘጋ ሁለት ጆንያ ቅጽ አለቃዬ ሰጠችኝ፣
«ቤትህ ሁነህ ሥራ» ብላ ከነማህተሜ ከበር ላይ ሸኘችኝ።
ሰባተኛው መስኮት፣ የሴቱባል ከተማ የእርዳታ ክፍል፣
ከዚያን ቀን ጀምሮ የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ሆነ፣ በሽንኩርትና በጨው መሃል።

እያንዳንዱን ፖስታ በአልኮል ጠርጌ፣
ከሰገነቴ ላይ፣ ከልብስ ገመዱ፣ እንደ ዓሣ ሰቅዬ፣ ለፀሐይ አድርጌ፣
ሲደርቅ አነበዋለሁ።
ጀልባው የቆመበት፣ ምድጃው የጠፋበት፣
ቀሚስ ሰፍታ ሳለች ሠርጉ የቀረባት፣
ሁሉም «ምክንያት» በሚል በሦስት መስመር ቤት
ኑሮውን አጣጥፎ፣ ጨምቆ ከትቶበት።

እኔ ግን መመሪያ አለኝ፣ አርባ ገጽ፦
ያምናውን ገቢ ከዘንድሮው አስተያይ፤
ያለ ደረሰኝ አታጽድቅ።

ሴኞር አዴሊኖ፣ የወደቡ ፀጉር አስተካካይ፣
ስድሳ አንድ ዓመቱ፣ ሂሳብ የማይዝ ከጣቱ በላይ፣
በሦስቱ መስመር ላይ እንዲህ ብሎ ሞላ፦
«አምና በዚህ ወር ሦስት ጆንያ ፀጉር ጠርጌ ጥያለሁ።
ዘንድሮ የጠረግሁት የራሴን ነው። እሱም ሸብቷል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ጠፋ።
በመመሪያው ውስጥ ለፀጉር የተተወ ቤት የለም።
ለአለቃዬ፣ ለዶና ግራሲንዳ ደወልሁላት፤
«ጆንያ ደረሰኝ ሆኖ አያውቅም» አለች፣ ድምጿን ድካም ሰብሮት።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የምግብ ሣጥን ማደል ጀመርን፣
ሩዝ፣ ሳሙና፣ የቱና ቆርቆሮ በየደጁ አኖርን።
ኤርሜሊንዳ የሚሏት፣ ከስምንተኛ ፎቅ፣ ባለ ሰማንያ ሁለት፣
ስድስቱን ቆርቆሮ እንዳለ መለሰች፣ አውርዳ በገመድ፣ በቅርጫት።
ወረቀት አለበት፦ «ከተማዬ ሆይ፣ አመሰግናለሁ።
መክፈቻ ላለው ስጡልኝ፤ እኔ አራት ቀን በቢላ ታግዬ ተሸንፌያለሁ።»

ያን ማታ በስልክ አምስት ኃላፊዎች ሁለት ሰዓት መከሩ፣
ሦስት መቶ መክፈቻ በየትኛው የበጀት ርዕስ ይገዛ ብለው ተከራከሩ።
በመጨረሻ «የመከላከያ ቁሳቁስ» ተብሎ ጸደቀ።
እኔም እንቅልፍ ሲያጣኝ አርባውን ገጽ አነሳሁ፣
እንደ ቆርቆሮ ዳር ዳሩን ዞርሁት።

«ወይም ሌላ አሳማኝ ማስረጃ።»
ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።

«የጻፍከው ነገር የለም?» አልሁት በስልክ።
«አለኝ እንጂ» አለ አዴሊኖ፣ «የወረፋ ደብተር።»
በበሬ ስር አሾልኮልኝ ሄደ።

ራስ መቁጠር ጀመርሁ።
አምና መጋቢት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ራስ።
ዓሣ አጥማጁ ቤንቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ።
የፖስተኛው ልጅ፣ ለመጀመሪያ ቁርባኑ።
መምህር ላውሬንቲኖ፣ «ጢም ብቻ»።
ላውሬንቲኖን አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ዕለት ቀበርነው፤
ቀበርነው ስል፣ አምስት ሰው ተፈቅዶ፣ እኔ ከአጥሩ ውጪ።
ስሙ ላይ ጣቴ ቆመች።
ከዚያ ቆጠርሁት። የአምና ራስ ነውና ይቆጠራል።

ዘንድሮ መጋቢት፣ አሥራ ዘጠኝ። ሚያዝያ፣ ባዶ ገጽ።
ባዶውንም ገጽ ማህተም መታሁበት።

ጸደቀለት፤ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ።
ኪራይ ይሸፍናል። ለመብራቱ ሌላ ቅጽ አለ።

ግንቦት ማለቂያ ላይ ሱቁ ሲከፈት ጭምብሌን አጥልቄ ሄድሁኝ፣
ሚስቴ በወጥ ቤት መቀስ ሁለት ወር ያጨደችውን ራስ ይዤለት ቀረብሁኝ።
ዞረኝ። አየኝ።
«ይሄን ጥፋት» አለ፣ «የቱ ማዘጋጃ ነው ያጸደቀው?»

ስከፍለው አልተግደረደረም። ደረሰኝ ጻፈልኝ፤
አዲስ ጥራዝ ነው፣ ቁጥር አንድ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ከፍ አድርጎ አሳየኝ።
ከዚያ መጥረጊያ አነሳ፤ ከወንበሩ ስር ፀጉሬን ሰበሰበ፣
በጆንያ ከተተ፣ አፉን በሲባጎ አሰረ፣
ላዩ ላይ «ግንቦት» ብሎ ጻፈ።

«ማን ያውቃል» አለኝ፣
«ለከርሞ ትጠይቁኝ ይሆናል።»